“ስልክህን ክፈት” ፦ ስለ አንድ መጽሐፍና ስለ አንድ የቆየ ጥፋቴ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ሒሳብ ያስተማርኳችሁ ልጆች ደግሞ መሐል ላይ ትንሽ ስሌት አለችና እንዳትዘሏት። ፈተና ላይ አትወጣም፤ ግን ታስፈልጋችኋለች።

ከወር በፊት አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ሶፍትዌር ሠሪ ሆኗል፣ በቴሌግራም አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላከልኝ። «ቲቸር፣ የልጆች መጽሐፍ ነው ብለው እንዳይንቁት» ይላል መልእክቱ። የመጽሐፉ ስም «ሊትል ብራዘር» ነው፤ ትንሹ ወንድም እንደማለት። ካናዳ የተወለደው ኮሪ ዶክቶሮው በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልቦለድ ነው። «በቴሌግራም? ተሰርቆ ነዋ!» ለምትሉ፣ አይደለም። ደራሲው ራሱ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ማንም በነጻ አውርዶ ለጓደኛው እንዲያስተላልፈው ፈቅዶ ነው የለቀቀው። ርእሱም ሁሉን ከላይ ሆኖ የሚያየውን የጆርጅ ኦርዌልን «ቢግ ብራዘር» እየጎነተለ ነው። ትልቁ ወንድም ትንሹን ካየ፣ ትንሹም ትልቁን ማየት ይችላል ነው ነገሩ።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቦታው አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፤ ጊዜው ከአሁኑ ብዙም የማይርቅ ወደፊት ነው። ማርከስ የ17 ዓመት ተማሪ ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን በአረማመዳቸው የሚለዩ ካሜራዎች ተክሏል። ማርከስ ደግሞ ጫማው ውስጥ ጠጠር ከትቶ አረማመዱን ይቀይርና ይወጣል። አጥር የሚዘሉ ልጆችን ላስተማርን ሰዎች ይሄ አዲስ አይደለም፤ የተቀየረው አጥሩ ነው።

አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ፎርፎ ከተማ ውስጥ ጌም ሲጫወት፣ ቤይ ብሪጅ የሚባለው ትልቁ ድልድይ በአሸባሪዎች ይፈነዳል። የጸጥታ ሰዎች ልጆቹን ከመንገድ አፍሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ይወስዷቸዋል። እዚያም «ስልክህን ክፈት» ይሉታል። ማርከስ የደበቀው ወንጀል የለውም፤ ግን አልከፍትም አለ። ስልኩ ውስጥ ያለው የራሱ ነገር ነዋ። ይህች እምቢታ ጥፋተኛ አስመሰለችው። ለቀናት ታሰረ፣ ተዋረደ፣ መጨረሻ ላይ ከፈተ። «ለማንም ብትናገር ወዮልህ» ተብሎ ተለቀቀ። ከጓደኞቹ አንዱ ዳሪል ግን አልተመለሰም።

ቀሪው መጽሐፍ ትግሉ ነው። ማርከስ ኤክስቦክስ በተባለው የጌም መጫወቻ ላይ ለምስጢር የተሠራ ሊኑክስ ጭኖ፣ መንግሥት የማያነበው መገናኛ ይዘረጋል። የከተማው ወጣት ሁሉ ይገባበታል። ልጆቹ የሰዎችን የትራንስፖርት ካርድ መረጃ እያቀያየሩ የክትትል ሥርዓቱን ያምሱታል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ያስቀመጠኝ ሐኪንጉ ሳይሆን «ስልክህን ክፈት» የምትለዋ ትእዛዝ ናት። ምክንያቱም እኔም ብያታለሁ።

ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የ11ኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ የአንድ ልጅ ስልክ ደጋግሞ ጮኸ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ስልክ ይወሰዳል፣ ወላጅ ይመጣል። ወሰድኩት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ያን ሰሞን ተማሪዎች በስልክ መልስ ይቀባበላሉ የሚል ወሬ ነበርና ልጁን መምህራን ክፍል ጠርቼ «ክፈተው» አልኩት።

«ቲቸር፣ ስልኩን ይውሰዱት፤ እቀጣለሁ። ግን አልከፍትም» አለኝ።

አጠገቤ የነበረው ዩኒት ሊደር ሳቅ ብሎ «የምትደብቀው ከሌለህ ለምን ትፈራለህ?» አለው። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ትባረራለህ እስክንለው ድረስ ቆየ፤ ከዚያ እጁ እየተንቀጠቀጠ ከፈተው።

ውስጡ የፈተና መልስ አልነበረም። የነበረው አረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄደች እህቱ የጻፈችው ነው። ለወራት ደሞዝ እንዳልተከፈላት፣ ልትወጣ እንደማትችል፣ ደግሞ ከሁሉ በላይ «ለእማዬ እንዳትነግራት» የሚል። አራት መምህራን ቆመን አነበብነው። በማግስቱ እናትየዋ «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ስትመጣ አንዳችን ከአዘኔታ ብዛት አመለጠንና ነገርናት። ሴትዮዋ እዚያው ወንበር ላይ የሆነችውን አልጽፈውም።

ይህን የምጽፈው ልጁንም እህቱንም አስፈቅጄ፣ የሚያስለያቸውን ነገር ቀይሬ ነው። ስለ ሰው ገመና እየተናገርኩ ገመና ባወጣ አያምርማ። እህትየው በሰላም ተመልሳለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ይቅርታ ስጠይቀው ልጁ «ቲቸር፣ እኔማ ረስቼዋለሁ። እሷ ናት ያልረሳችው» አለኝ።

ከዚህ ምን ተማርኩ? «የምትደብቀው ከሌለህ» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተበላሸ ነው። ልጁ የሚደብቀው ነበረው፤ ግን ጥፋት አልነበረም፤ የሌላ ሰው አደራ ነበር። ስልክ የአንድ ሰው ንብረት ይመስለናል እንጂ ውስጡ የእናት፣ የእህት፣ የጓደኛ፣ የንስሐ አባት ጭምር አለ። አንዱን ስልክ ስታስከፍት የሃምሳ ሰው በር ነው የምትከፍተው። ከሃምሳው አንዱንም አላስፈቀድክም።

አሁን ወደ ስሌቷ እንሂድ፤ የመጽሐፉም ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። «እሺ፣ ገመና ይነካ ይሆናል፤ ግን አሸባሪ ከተያዘበት ምን ችግር አለው?» የሚል ወገን አለ። ቅን ጥያቄ ነው። ማርከስ የሚመልሰው በሒሳብ ነው። እኔ በራሳችን ምሳሌ ላስረዳ።

2,000 ተማሪዎች ያሉበት ትምህርት ቤት አለን እንበል። ከእነሱ ውስጥ የሚኮርጁት 4 ብቻ ናቸው። ኮራጅ የሚለይ ማሽን ተገዛ፤ 100 ጊዜ ሲሠራ 99ኙን በትክክል ይለያል። ጎበዝ ማሽን ነው አይደል? ሁሉንም ተማሪ ፈተሽንበት። አራቱን ኮራጆች ያዘልን እንበል። ከቀሩት 1,996 ንጹሐን ግን ከመቶ አንዱን በስህተት ኮራጅ ይላል፤ ወደ 20 ልጅ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ 24 ልጆች አምጥቶ ፊታችን አቆመ፤ ከእነሱ 20ዎቹ ንጹሕ ናቸው! «99 ከመቶ ትክክል» የተባለው ማሽን ከያዛቸው ስድስት ልጆች አምስቱን ያለ ጥፋታቸው ነው የያዘው።

አሁን ትምህርት ቤቱን 5 ሚሊዮን ሕዝብ ያለበት ከተማ አድርጉት። የሚፈለጉት ክፉ ሰዎች 10 ናቸው። ያው ማሽን ወደ 50,000 ንጹሕ ሰው ይጠቁማል። ለአንድ ጥፋተኛ 5,000 ንጹሕ። ፖሊሱ ምንም ቅን ቢሆን 50,000 ሰው ሲጠይቅ ሲውል፣ አሥሩ ሰዎች ቡናቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። የሚፈለገው ነገር እጅግ ብርቅ ሲሆን ሁሉንም ሰው መፈተሽ ጥፋተኛውን ከማግኘት ይልቅ ንጹሑን ያበዛል። ድርቆሽ ውስጥ መርፌ የጠፋበት ሰው ተጨማሪ ድርቆሽ አያመጣም።

ወላጆች ብትሆኑ ደግሞ የማርከስ አባት ያስተምራችኋል። ልጁ ለቀናት ሲጠፋ ሞቷል ብሎ ያለቀሰ አባት ነው። ከፍንዳታው በኋላ ክትትሉን ይደግፋል፤ የልጁን ቁጣ የልጅነት ነገር ያደርገዋል። አልፈርድበትም። የፈራ ወላጅ የሚያስበው ስለ መብት ሳይሆን ልጁ ማታ ቤት ስለመግባቱ ነው። ልጁ ምን እንደተደረገበት፣ ጓደኛው የት እንደቀረ እስኪሰማ ድረስ ሒሳቡም ክርክሩም አልገባውም። ሰው ብዙ ጊዜ ክትትልን የሚደግፈው በሌላ ሰው ላይ የሚሠራ ስለሚመስለው ነው።

«ልቦለድ ነው፣ ተወው» እንዳትሉኝ። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2010፣ አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሎዎር ሜሪየን የሚባል የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ለተማሪዎች ባደለው ላፕቶፕ ካሜራ ልጆቹን ቤታቸው ድረስ ሳያውቁ ፎቶ ሲያነሳ ተገኝቶ ተከሰሰ። ላፕቶፕ ቢሰረቅ ለማግኘት ነው የገባው ሶፍትዌር። ጉዳዩ 610,000 ዶላር ተከፍሎበት በስምምነት አለቀ። በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካ መንግሥት የሚያካሂደውን የጅምላ ስለላ ሲያጋልጥ፣ ሆንግ ኮንግ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ የዚሁ መጽሐፍ ተከታይ ክፍል፣ «ሆምላንድ»፣ ከዕቃው መሐል ነበር፤ «ሲቲዝን ፎር» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ላይ ይታያል። በ2014 ደግሞ ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ሁሉ ለክረምት «ሊትል ብራዘርን» እንዲያነቡ ተመርጦ ሳለ ርእሰ መምህሩ ፕሮግራሙን ሰረዘው። ደራሲውና አሳታሚው 200 ቅጂ በነጻ ላኩላቸው። ሥልጣንን መጠየቅ የሚያስተምር መጽሐፍ በሥልጣን ሲታገድ እንዲህ ነው ራሱን የሚያስነብበው።

እስከዚህ መጽሐፉን አወደስኩት። አሁን የምጣላበትን ልንገራችሁ፤ እንደ ተማሪ ወረቀት አርሜዋለሁና።

አንደኛ፣ ማርከስና ጓደኞቹ የትራንስፖርት ካርዶችን ሲያቀያይሩ የተጎዳው ማነው? መንገድ ላይ የቆመው፣ የተጠየቀው፣ ከሥራ የዘገየው ተራው ሰው ነው። ሥርዓቱ ስንቱን ንጹሕ እንደሚይዝ ለማሳየት ብለው ሌላ ንጹሕ አስያዙ። ማርከስም ሕሊናው አልፎ አልፎ ይወጋዋል፤ እኔ ግን ከዚህ በላይ ሊወጋው ይገባ ነበር እላለሁ። ብልህነት ፈቃድ አይደለም።

ሁለተኛውና ዋናው፣ መጽሐፉን የሚያነብ ልጅ «ኮምፒውተር ጎበዝ ከሆንኩ አሸንፋለሁ» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ግን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ማርከስን በመጨረሻ ያዳነው ኤክስቦክሱ ነው? አይደለም! እንደገና ተይዞ እየተሰቃየ ሳለ የደረሱለት የካሊፎርኒያ ግዛት ፖሊሶች ናቸው። እነሱን ያስላካቸው አንዲት ጋዜጠኛ ደፍራ ስሙን ጠርታ ታሪኩን ማውጣቷ ነው። ጋዜጣው የሚታተም፣ የግዛቱ ገዢ ከፌደራል መሥሪያ ቤት ጋር ሊጋፈጥ የሚችል፣ ፍርድ ቤት የሚከፈት ስለሆነ ነው የዳነው። ደራሲውም ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ማርከስ ሰዎች ወጥተው ድምፅ እንዲሰጡ ሲቀሰቅስ የምናገኘው። ምስጠራው ጊዜ ገዛለት። ነጻ ያወጡት ሰዎችና ሕግ ናቸው።

እነዚያ በሌሉበት ምን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። የስማቸውን ትርጉም ታስታውሳላችሁ፤ ቃሊቲ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው እኛ ያለንበት ነው የሚል ነበር። በጸረ ሽብር አዋጁ ሲከሰሱ፣ ከቀረበባቸው ነገር አንዱ የኢንተርኔት መልእክትን የማመስጠርና ራስን የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነው። አያችሁ? በልቦለዱ ጀግናውን የጠበቀው ትምህርት፣ እኛ ዘንድ የክስ ጭብጥ ሆነ። በሩን መቆለፉ ሌባ ነህ ለመባል በቃ። ሐምሌ 2007 ላይ አምስቱ ክሳቸው ተነሥቶ ተፈቱ፤ የቀሩትም ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ነጻ ለመባል ግን አንድ ዓመት ተኩል ያህል ታስረዋል።

በዚያው በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ሲሰረዝ፣ ሐምሌ ላይ በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። ያን ሰሞን ከእኛ ከመምህራኑ ስንቶቻችን ነን ሳይፎንና ቪፒኤን በተማሪዎቻችን እጅ ያስጫንን? እኔ አንዱ ነኝ። የጫነልኝን ልጅ «ሐከር» ብዬው ሳቅን። ከዚያ በፊት የሌላውን ስልክ አስከፍቼ አልነበር? የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው። እኔ ላይ ሲዘጋ ልጆቹ ጎበዞች ሆኑ፤ እኔ ስዘጋ ጥፋተኞች ነበሩ።

መጽሐፉ ውስጥ ልቤ የቀረው ግን አንድ የባሕር ዳርቻ ስብሰባ ላይ ነው። ልጆቹ መሐላቸው ሰላይ መግባቱን ይጠረጥራሉ። ምን አደረጉ? ከኮምፒውተር ርቀው በአካል ተገናኙ። የምስጢር ቁልፋቸውን ፊት ለፊት ተለዋወጡ፤ እኔ አንተን ካወቅኩ፣ አንተ እሷን ካወቅህ፣ እሷን በአንተ በኩል አምናታለሁ። ቴክኒካዊ ስሙ ረጅም ነው፤ እኛ ግን «ዋስ» እንለዋለን። ዕቁብ የጣለ ሰው ሁሉ ይገባዋል። የዓለም ምርጥ ምስጠራም ቢሆን መጨረሻው ላይ «ይህን ሰው ማን ያውቀዋል?» የሚል ጥያቄ ላይ ነው የሚያርፈው።

ልጆቹ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነን ሰው ላለማመን የተማማሉ ያህል ናቸው። እኔ ሃያ አምስትን ካለፍኩ ቆየሁ፤ ግን አልተቀየምኩም። ምክንያቱም አንዲት ጋልቬዝ የምትባል የማኅበራዊ ትምህርት መምህርት አለች። ክፍሏ ውስጥ ልጆቹ ስለ መብት በነጻነት እንዲከራከሩ ስለፈቀደች ከክፍሏ ትነሳለች። ከእሷና ከእኔ መሐል ያለው ርቀት አሳፈረኝ። እሷ ልጆቹ እንዲናገሩ ብላ ሥራዋን አጣች፤ እኔ ሥራዬ ምንም ሳይነካ ልጅ አስከፈትኩ።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ክትትል የሚጀምረው ከመንግሥት አይደለም። ከቤት፣ ከትምህርት ቤት ነው የሚለመደው። በ16 ዓመቱ «ክፈት» ሲባል ያለ ምንም ጥያቄ መክፈት የለመደ ልጅ፣ በ30 ዓመቱ «ለምን? በየትኛው ሕግ?» ብሎ መጠየቅ ከየት ያመጣዋል? እኛ ነን ያላስለመድነው። ደግሞ ነገ እሱ ራሱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሌላውን «ክፈት» ይላል፤ ያየው ይሄንኑ ነዋ።

ስለዚህ መምህር ወዳጆቼ፣ ስልክ ደንብ ከጣሰ ውሰዱት፤ ሲጨርስ መልሱለት። ውስጡን ለማየት ግን እጃችሁን ሰብስቡ። የእውነት አደጋ አለ ብላችሁ ካመናችሁ፣ ወላጁ ባለበት፣ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ለይታችሁ፣ ምክንያታችሁን ለልጁ ነግራችሁ ይሁን። ወላጆች ደግሞ፣ የአሥር ዓመት ልጅና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አንድ አይደሉም። ለትንሹ ጠባቂ ሁኑ፤ ለትልቁ የሚነግራችሁ ሰው ሁኑ። ልጁ ችግር ሲገጥመው ራሱ ስልኩን ይዞ ከመጣላችሁ፣ ያ ከየትኛውም የክትትል አፕ ይበልጣል።

ልጆች፣ እናንተ ደግሞ የይለፍ ቃላችሁን አጠንክሩ፣ ምስጠራ ተማሩ፤ ወንጀል አይደለም፣ ቤት መቆለፍ ነው። ግን ኮድ ብቻ አትማሩ። ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26ን ክፈቱና አንብቡ፤ የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል፣ የደብዳቤና የስልክ ግንኙነትን ጨምሮ። ሒሳቡን የሚያውቅ ሕጉን ካላወቀ ማርከስ ያለ ጋዜጠኛዋ ነው።

በመጨረሻ፣ በሃያ ዓመት ማስተማር ውስጥ ስልኩን፣ ደብተሩን፣ ደብዳቤውን ያስከፈትኩት ሌላም ልጅ እዚህ ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በኮሜንት ሳይሆን በኢንቦክስ ጻፉልኝ። አላስነብበውም፤ አሁን ገብቶኛል።

መልካም ሰንበት።